ራስ፣ አንገት፣ ወገብ፣ ሆድ፦ ማይግሬን ያለበትን ሰው ሌላውም ለምን ያመዋል?

ጅማ ውስጥ፣ ሂርማታ ገበያ አካባቢም ይሁን ፈረንጅ አራዳ፣ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ትንሽ የቆመ ሰው ተመሳሳይ አቤቱታ ደጋግሞ ይሰማል። "ማይግሬን አለብኝ፣ አሁን ደግሞ ወገቤን ጀመረኝ፤ ተዛምቶ ይሆን?" "ሳይነስ ነው ብለውኝ ነበር፣ አንገቴን ደግሞ ብርድ መታኝ፣ ሆዴም ሰላም የለውም።" መልሱ እንደ መላሹ ነው። ቲክቶክ ላይ አንዱ "ሁሉም ነርቭ ነው" ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ማይግሬን ካልታከመ ወደ ሌላ በሽታ ይቀየራል እያለ ያስፈራራል። ቤት ውስጥ ደግሞ ዳማከሴ ይታሻል፣ ራስ በሻሽ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ወገብ ለወጌሻ ይሰጣል፣ ሆዱ "ጨጓራ ነው" ተብሎ ይታለፋል።

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። ማይግሬን ወደ ወገብ አይዛመትም፣ ወደ ሌላ በሽታም አይቀየርም። ግን ዝምድናው እውነት ነው። ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ሌላ የቆየ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ እንደሚል በብዙ አገር ተጠንቷል። ስለ ዝምድናው ብዙ ይወራል። አብዛኛው ሰው የማያውቀው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለወገብ ተብሎ የተዋጠው ማስታገሻ ራስ ምታቱን ሊያባብሰው ይችላል። ወደዚያ ለመድረስ ትንሽ ዞር ማለት ያስፈልጋል።

ማይግሬን የሚባለው የቱ ነው

ራስ ምታት ሁሉ ማይግሬን አይደለም። ማይግሬን የአንጎል በሽታ ነው፤ እየመጣ የሚሄድ፣ በመጣ ጊዜ ግን ሰውን ከሥራ አውጥቶ ጨለማ ክፍል የሚያስተኛ። ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሦስተኛ መለያ እንደሚለው ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፣ ብዙ ጊዜ አንዱን ወገን ይይዛል፣ ትር ትር ይላል፣ መራመድ ወይም ደረጃ መውጣት ያባብሰዋል፣ ማቅለሽለሽ ወይም ብርሃንና ድምፅ መጥላት አብሮት ይመጣል። ሁሉም ምልክት ሁሉም ሰው ላይ አይሟላም። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራስ ምታት ካለ፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 8ቱ ቀን የማይግሬን መልክ ካለው፣ ይህም ከሦስት ወር በላይ ከቀጠለ "ክሮኒክ ማይግሬን" ይባላል። ክሮኒክ ማለት ሥር የሰደደ ማለት ነው። የሕመም ሐኪሞች ከሦስት ወር በላይ የቆየን ወይም እየተመላለሰ የቀጠለን ማንኛውንም ሕመም በዚህ ስም ይጠሩታል።

ስንት ሰው ላይ አለ? በዓለም ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው ላይ፤ ሴቶች ከወንዶች ሦስት እጥፍ ያህል ይበዛሉ። በእኛ አገር ሁለት ቁጥሮች ይጠቀሳሉ፣ አብረው ሲቀመጡም ያደናግራሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት 3 በመቶ ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው፣ ቤት ለቤት የተደረገውና በርካታ አካባቢዎችን ያዳረሰው ጥናት ደግሞ 17.7 በመቶ አገኘ። ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ይህን አይቶ "በሽታው በሃያ ዓመት ስድስት እጥፍ ሆነ" ማለት ይቀላል፤ ግን የአጠያየቅ ዘዴው ተለውጧል፣ የተጠኑት ሰዎችና አካባቢዎችም አንድ አይደሉም። ከሁለቱ ቁጥሮች ብቻ ተነስቶ ማይግሬን ጨምሯል ማለት አይቻልም።

በነገራችን ላይ "ሳይነስ" ተብሎ ለዓመታት የሚታከመው ራስ ምታት ብዙው ማይግሬን ነው። ማይግሬን ሲነሳ ዓይን ሊያለቅስ፣ አፍንጫም ሊዘጋ ይችላል። ሕመሙ ግንባርና ጉንጭ ላይ ሲሆን ሰው በቀጥታ ወደ አፍንጫው ይሄዳል። አንቲባዮቲክ ይዋጣል፣ ማይግሬኑ በራሱ ጊዜ ያልፋል፣ ምስጋናው ለአንቲባዮቲኩ ይሆናል።

አብረውት የሚታዩት

ቀዳሚው የአንገት ሕመም ነው፤ እሱን ለብቻው እናየዋለን። ከዚያ የወገብ ሕመም ይመጣል። ቀጥሎ ፋይብሮማያልጂያ የሚባለው አለ፤ መላ ሰውነት ላይ የተሰራጨ የጡንቻ ሕመም፣ ድካምና የማያሳርፍ እንቅልፍ ተደምረው የሚሠሩት ሁኔታ ነው። ደም ሲመረመር ንጹሕ፣ ራጅም ሲነሳ ደህና ስለሚሆን "ምንም የለብህም" የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ ይኼኛው ነው። የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመምም ከዝርዝሩ አለ፤ ጥሬ ሲቆረጠም የሚያመው፣ ጠዋት መንጋጋው ደርቆ የሚነሳው ሰው ያውቀዋል።

ሆድ ላይ ደግሞ አይቢኤስ የሚባለው አለ፦ አንጀቱ ላይ ቁስለት ሳይታይ ቁርጠት፣ መነፋት፣ ድርቀት ወይም ተቅማጥ የሚያመላልስ የአንጀት ችግር። ከጨጓራ ጋር አይምታታ። ሴቶች ላይ ብርቱ የወር አበባ ሕመምና ኢንዶሜትሪዮሲስ ይጨመራሉ። ኢንዶሜትሪዮሲስ የማሕፀን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ህዋስ ከማሕፀን ውጭ ሲያድግ የሚፈጠር በሽታ ነው፤ ያለባቸው ሴቶች ላይ ማይግሬን ከሌሎች ሴቶች ይበዛል። ሴት ልጅ በየወሩ ስትታመም "ያለ ነው፣ ስትወልጂ ይተውሻል" እየተባለ የሚታለፍበት አገር ስለሆንን ይኼኛው ዝምድና የሚገባውን ያህል አይወራም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም እነዚህን ሕመሞች "ተደራራቢ ሥር የሰደዱ ሕመሞች" በሚል አንድ ስም ሰብስቧቸዋል። አሥር ናቸው፤ ክሮኒክ ማይግሬን፣ ፋይብሮማያልጂያ፣ አይቢኤስ፣ የመንጋጋ ሕመም፣ የቆየ የወገብ ሕመምና ኢንዶሜትሪዮሲስ ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። አንድ ላይ መሰብሰባቸው አንድ በሽታ ያደርጋቸዋል ማለት አይደለም። አንዱ ያለበትን ሰው ሌላውንም ጠይቁ ለማለት ነው።

የሚያገናኛቸው ሽቦ

ጣት ሲቃጠል ምልክቱ በነርቭ ወደ ሕብለ ሰረሰር፣ ከዚያ ወደ አንጎል ይሄዳል። የሚሰማን ሕመም ግን የመጣው ምልክት ቅጂ አይደለም። መንገድ ላይ ይጨመርበታል ወይም ይቀነስበታል። አንጎል ራሱ ወደ ታች ፍሬን የሚይዝ መልእክት ይልካል። ኳስ ሲጫወት የተጋጨ ልጅ ጨዋታው እስኪያልቅ ሕመሙ የማይሰማው ለዚህ ነው።

ምልክቱ በተደጋጋሚና ለረጅም ጊዜ ሲመጣ ይህ ሥርዓት ይለወጣል። ተመራማሪው ክሊፎርድ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ሥራ በጉዳት ምክንያት በሕብለ ሰረሰር ያሉ ነርቮች ራሳቸው ከመጠን በላይ ንቁ እንደሚሆኑ አሳዩ። "ሴንትራል ሴንሲታይዜሽን" የሚባለው ይህ ነው፤ ማዕከላዊው የነርቭ ሥርዓት ከልክ በላይ ስሱ መሆኑ። አንዴ ሌባ የገባበት ግቢ ውሻን አስቡ፤ ከዚያ በኋላ ለነፋሱም፣ ለፖስተኛውም፣ ለቤቱ ልጅም ይጮሃል። ጩኸቱ እውነት ነው፣ ሌባው ግን የለም።

ማይግሬን ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ሕመሙ ሲነሳ ፀጉር ማበጠር የሚያማቸው፣ ሹሩባው የሚከብዳቸው፣ መነጽር ወይም ሻሽ የማይችሉ ሰዎች አሉ። መታመም በማይገባው ነገር መታመም "አሎዳይኒያ" ይባላል። ማይግሬን ካለባቸው ሰዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ላይ በተወሰነ ደረጃ ይታያል። የበለጠ የሚገርመው፣ አንዳንዶቹ ላይ ይህ ስሜት ከራስ ቆዳ አልፎ ክንድ ድረስ ይወርዳል። ጭንቅላቱ ላይ የጀመረው ነገር ክንድ ላይ ሲታይ፣ የተነካው ከሁሉም አካል የሚመጣውን የሚቀበለው የጋራ ክፍል ነው ማለት ነው።

ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 "ኖሲፕላስቲክ" የሚል አዲስ የሕመም ዓይነት ተቀበለ። ድሮ ሕመም ሁለት ነበር፤ ቁስል ያመጣው ወይም የተጎዳ ነርቭ ያመጣው። ሦስተኛው፣ ጉልህ የአካል ወይም የነርቭ ጉዳት ሳይታይ የሕመም ሥርዓቱ አሠራር ሲዛባ የሚመጣ ነው። ፋይብሮማያልጂያና አይቢኤስ በብዛት እዚህ ይመደባሉ። "በጭንቅላትህ የፈጠርከው ነው" ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ኤምአርአይ ንጹሕ ስለሆነ አስመሳይ የተባለ ሰው አሁን ለሕመሙ ስም አለው።

ዘርም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ማይግሬን ያለባቸውን ሰዎች ያካተተ የዘረመል ጥናት ከማይግሬን ጋር የተያያዙ 123 የዘረመል ቦታዎች አግኝቷል። ስለዚህ "የማይግሬን ጂን" የሚባል አንድ ነገር የለም። ብዙ ትናንሽ ዝንባሌዎች ተደምረው ነው።

አንገቱ አባት ነው ወይስ ልጅ?

እዚህ ላይ ትልቅ መደናገር አለ። ሰው አንገቱን ያመዋል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ራሱን ይጀምረዋል። መደምደሚያው "አንገቴ ነው ያመጣው" ይሆናል። ትራስ ይቀየራል፣ ወጌሻ ይጠራል፣ አንገት ይታሻል፣ አንዳንዴም "ቀጭ" እስኪል ይጠመዘዛል።

የፊትና የራስ ስሜትን የሚሸከመው ትራይጀሚናል የሚባለው ነርቭ ነው። ከላይኛው የአንገት ክፍል፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት የአንገት ነርቮች የሚመጣው ምልክትም የሚገባው ይኼው ነርቭ በሚገባበት የአንጎል ግንድና የላይኛው ሕብለ ሰረሰር ክፍል ነው። ሁለት መስመር፣ አንድ ተቀባይ። ስለዚህ ማይግሬን ሲነሳ አንጎል ሕመሙን ከአንገት እንደመጣ አድርጎ ሊያነበው ይችላል፤ የአንገት ጡንቻ ሲቆጣም ስሱ የሆነውን ራስ ሊቀሰቅስ ይችላል። ማይግሬን ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የአንገት ሕመም እንዳላቸው ይናገራሉ። ብዙዎቹ ላይ አንገቱ ቀድሞ የሚመጣ የማይግሬኑ ምልክት ነው እንጂ መንስኤው አይደለም። ይህ ማለት ግን ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ቡና የምትለቅም ሴት፣ ወይም ጆንያ ሲያወርድ የሚውል ሰው አንገቱ ላይ ምንም የለም ማለት አይደለም። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፣ ብዙ ጊዜም አሉ።

ቀስ ያለ ማሸት አይጎዳም፣ የሚያሳርፈውም ሰው አለ። አንገትን በድንገትና በኃይል መጠምዘዝ ግን ሌላ ነገር ነው። በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ግድግዳ ሊቀድ ይችላል፣ መዘዙም ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም። ሲደርስ ግን መመለሻ የለውም።

ለወገብ የተዋጠ ክኒን

ዋናው ይኼ ነው።

ማስታገሻ የበዛበት ራስ ምታት የሚባል ነገር አለ። ሰውዬው ራሱን ሲያመው ይውጣል፣ ቀለል ይለዋል፣ ይመለሳል፣ ይውጣል። ሳምንት ከሳምንት ቀኑ እየተቀራረበ ይሄድና መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታቱን የሚያቆየው ይሆናል። የራስ ምታት ማኅበሩ መለያ ላይ ገደቡ በቀን ብዛት ተቀምጧል። ፓራሲታሞል፣ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን የመሳሰሉት በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ። ትራማዶል የተባለው ጠንካራ ማስታገሻ፣ ኤርጎታሚን ያለባቸውና ትሪፕታን የሚባሉት የማይግሬን መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ከካፌይን ጋር ተቀላቅለው የሚሠሩ ክኒኖች ደግሞ 10 ቀን ይበቃቸዋል። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ግማሽ ወር ወይም ሲሶ ወር።

የሚቆጠረው ቀኑ ነው፣ ክኒኑ አይደለም። ለምንም ይዋጥ። ለወገቡ ዲክሎፌናክ የዋጠበት ቀን፣ ለወር አበባ አይቡፕሮፌን የተዋጠበት ቀን፣ ለጥርስ ፓራሲታሞል የተወሰደበት ቀን፣ ሁሉም አንድ ደብተር ላይ ይገባሉ። ለመገጣጠሚያ በሽታ ማስታገሻ አዘውትረው የሚወስዱ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አንድ አስደናቂ ነገር አሳይተዋል። ከዚያ በፊት ማይግሬን ያልነበረባቸው ክኒኑን ለረጅም ጊዜ ወስደው ዕለታዊ ራስ ምታት አልያዛቸውም፤ ማይግሬን የነበረባቸው ግን ዕለታዊ ወደሆነ ራስ ምታት የመግባት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ክኒኑ አንድ ነው፣ ሰውየው ግን የተለየ ነው። ስሱ የሆነው ሥርዓት ላይ ነው ጉዳቱ የሚያርፈው።

አሁን ይህን ወደ ከተማችን አምጡት። ሰውየው ለራሱ አንድ ክሊኒክ፣ ለወገቡ ሌላ፣ ለሆዱ ሌላ ይሄዳል። ሦስት ካርድ ያወጣል። ራሱን ያየው ሐኪም ስለ ወገቡ አልሰማም፣ ወገቡን ያየው ስለ ማይግሬኑ አልጠየቀም። ሦስቱም ማስታገሻ ይጽፋሉ፣ መሐል ላይ ደግሞ ሰውየው ራሱ ከመድኃኒት ቤት "ያንን ቢጫውን" እያለ ይገዛል። ማንም አላጠፋም፤ ማንም ግን ድምሩን አያውቅም። ዲክሎፌናኩ ሆዱን ሲያቃጥለው ደግሞ አራተኛ ካርድ ይወጣል።

ደስ የሚለው ይህ ዓይነቱ ራስ ምታት ማስታገሻው ሲቀነስ ብዙውን ጊዜ ይሻሻላል። ሲቆም መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ፣ ይብሳል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ "አየህ፣ መድኃኒቱን ስተው ባሰብኝ" ይልና ይመለሳል። ፓራሲታሞልን በአንዴ መተው ይቻላል። ትራማዶል ለወራት የወሰደ ሰው ግን በራሱ ጊዜ አያቁም፤ ከሐኪም ጋር ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

"አንድ በሽታ ነው" እና "ግጥምጥሞሽ ነው"

ሁለት ጽንፍ አለ። አንደኛው ወገን ሁሉንም ወደ ነርቭ ይጠቀልለዋል። ሌላው ዝምድና የሚባል ነገር የለም ይላል፤ ከስድስት ሰው አንዱ ማይግሬን ካለው፣ የወገብ ሕመም ደግሞ የማያውቀው ጎልማሳ ከሌለ፣ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ምን ይገርማል? ጥያቄው ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ ሁለት ሕመም ያለበት ሰው አንድ ካለበት ይልቅ አዘውትሮ ሆስፒታል ስለሚሄድ፣ ሆስፒታል ውስጥ የተጠና ነገር ሁሉ ዝምድናውን አጋንኖ ያሳያል።

ግን ሆስፒታል ሳይሆን ሕዝቡ ውስጥ የተደረጉት ትልልቅ ጥናቶችም ዝምድናውን ያገኙታል። ኖርዌይ ውስጥ በአንድ አውራጃ ነዋሪዎች ላይ ለዓመታት የተደረገ ክትትል መንገዱ ባለ ሁለት አቅጣጫ መሆኑን አሳይቷል፤ ራስ ምታት ያለባቸው ሰዎች ኋላ ላይ የቆየ የጡንቻና የአጥንት ሕመም፣ ያ ሕመም ያለባቸው ደግሞ ኋላ ላይ ራስ ምታት የመያዝ ዕድላቸው ጨምሮ ተገኝቷል። ግጥምጥሞሽ ብቻ ቢሆን ይህ አይታይም ነበር።

"አንድ በሽታ ነው" የሚለውን የሚያፈርሰው ደግሞ መድኃኒት ነው። ማይግሬን ሲነሳ ሲጂአርፒ የሚባል ከነርቭ የሚለቀቅ ንጥረ ነገር ትልቅ ሚና አለው። እሱን የሚያግዱ አዳዲስ መርፌዎች ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደው ብዙ ሰው ረድተዋል። ከነዚህ አንዱ ለጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ሲሞከር ግን መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ መርፌ የተሻለ ነገር አላሳየም። ሥሩ ሙሉ በሙሉ አንድ ቢሆን አንዱን የረዳ ሌላውንም በረዳ ነበር። የጋራ ክፍል አለ፤ የየራሳቸውም ክፍል አለ።

ሌላ ትችትም አለ፣ እኔም ክብደት የምሰጠው። ሴንትራል ሴንሲታይዜሽን አንድ ሰው ላይ እንዳለና እንደሌለ በደም ምርመራ የሚለካበት መንገድ የለም። ስለዚህ ያልገባን ሕመም ሁሉ መጣያ እንዳይሆን ያሰጋል፤ "ነርቭ ነው" የሚለው የሰፈር መልስ ነጭ ጋወን ለብሶ እንደመጣ። መሐላቸው የሚቆሙ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ድብርት፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ማይግሬንንም የወገብ ሕመምንም ያባብሳሉ፣ በሁለቱም ደግሞ ይባባሳሉ። የትኛው እንደቀደመ አንድ ሰው ላይ ለይቶ መናገር ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ቡና፣ ጫት፣ ጾም

ጅማ ተቀምጦ ስለ ራስ ምታት ጽፎ ቡናን መዝለል አይሆንም። ካፌይን ማስታገሻን ያግዛል፤ ክኒኖቹ ውስጥ የሚጨመረውም ለዚያ ነው። በቀን ከ200 ሚሊግራም በላይ ካፌይን ከሁለት ሳምንት በላይ የለመደ ሰው ግን ሲያቋርጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ሊያመው ይችላል። ሐራራ የምንለው ግማሹ ይኼ ነው። አንድ ስኒ ሲጠጣ ይለቃል፣ ሙሉ በሙሉ ከተተወ ደግሞ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ማይግሬን ላለበት ሰው ችግሩ ቡናው ሳይሆን መዋዠቁ ነው፤ ሰኞ አንድ ስኒ፣ ቅዳሜ ከአቦል እስከ በረካ፣ እሑድ ምንም። በየቀኑ ተቀራራቢ መጠን፣ ተቀራራቢ ሰዓት ይሻላል።

ረመዳን ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት የሚበዛውም አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጾሙ ከመግባቱ ሳምንት ቀደም ብሎ የቀን ስኒውን ቀስ በቀስ መቀነስና ሱሑርን አለመዝለል ብዙ ሰው ይረዳል። እስከ እኩለ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ቡና ሳይቀምስ ለሚውለው የኦርቶዶክስ ጿሚም ሒሳቡ ያው ነው። በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ያለበት ሰው ሰዓቱን ከጾሙ በፊት ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል።

ጫት ላይ አጭር ነው። ምርቃናው እንቅልፍን ይገፋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። እንቅልፍ ማጣትና ምግብ መዝለል ሁለቱም ማይግሬን ይቀሰቅሳሉ፣ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ የማንኛውንም ሕመም ስሜት ያጠነክራል።

ሐኪም ፊት ሲቀረብ

ዝምድናውን ማወቅ የሚለውጠው ነገር በዋናነት እዚህ ላይ ነው። በጤና ጣቢያም ይሁን በሪፈር ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚታይ ሰው ሁሉንም ሕመሙን በአንድ ጊዜ ይናገር። አንድ ወረቀት በቂ ነው፦ በወሩ ውስጥ ራስ ያመመባቸው ቀናት፣ ሌላ አካል ያመመባቸው ቀናት፣ ማንኛውም ማስታገሻ የተዋጠባቸው ቀናት፣ ለሴቶች የወር አበባ ቀን። ወረፋው ረጅም፣ ሐኪሙም ጊዜ የሌለው በሆነበት ቦታ ይህ ወረቀት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

መከላከያ መድኃኒት ሲመረጥም ለውጥ ያመጣል። አሚትሪፕቲሊንን እንውሰድ። ርካሽና አሮጌ መድኃኒት ነው። በትንሽ መጠን፣ ብዙ ጊዜ ማታ 10 ወይም 25 ሚሊግራም ተጀምሮ፣ ማይግሬንን ለመከላከል፣ ለፋይብሮማያልጂያና ለነርቭ ሕመም ያገለግላል፣ እንቅልፍም ያመጣል። ሁለት ሦስት ሕመም ላለበት ሰው አንድ ክኒን። ብዙ ሰው ግን ለድብርት የሚሰጥ መሆኑን ጉግል ላይ አይቶ "አበድክ ሊሉኝ ነው" ይልና ይጥለዋል። ወይም በሳምንቱ ለውጥ ሲያጣ ይተወዋል፤ የመከላከያ መድኃኒት ውጤት ለማየት ስድስትና ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያደነዝዛል፣ የልብ ችግር ላለበት አይሆን ይሆናል። ፕሮፕራኖሎል ደግሞ ማይግሬን ይከላከላል፣ ወገብ ላይ ግን የሚሠራው ነገር የለም፣ አስም ላለበትም አይሰጥም። ቫልፕሮኤት ለፅንስ አደገኛ ስለሆነ ልትወልድ በምትችል ሴት ላይ ይሸሻል። ምርጫው የሐኪሙ ነው፤ ሐኪሙ ግን የሚመርጠው በሰማው ልክ ነው።

ከክኒን ውጭ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ የሚነካው የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ በሳምንት ጥቂት ቀን ማይግሬንም፣ የወገብ ሕመምም፣ ፋይብሮማያልጂያም ላይ ጥቅሙ ታይቷል። ስሱ ሥርዓት ግን ድንገተኛ ነገር አይወድም። የመጀመሪያ ቀን ጅሬን ኮረብታ ድረስ ወጥቶ ሦስት ቀን የሚተኛ ሰው ሁለተኛ አይሞክረውም፤ በአሥር ደቂቃ ይጀመር።

ካልተያዘስ? አልፎ አልፎ የሚመጣ ማይግሬን ካለባቸው ሰዎች በየዓመቱ ከመቶ ሁለት ሦስቱ ወደ ክሮኒክ ማይግሬን ይገባሉ። ወደዚያ ከሚገፉት ነገሮች መካከል የማስታገሻ መብዛት፣ ሌላ የቆየ ሕመም፣ ድብርትና የእንቅልፍ ችግር አሉ።

ማይግሬን ተብሎ መታለፍ የሌለበት

ዝምድናውን ማወቅ የራሱ አደጋ አለው፤ የመጣውን ሁሉ "ያው የማይግሬኔ ነገር ነው" ማሰኘቱ። ትኩሳት ያለበት ራስና መገጣጠሚያ ሕመም ጅማና አካባቢዋ ላይ መጀመሪያ የወባ ምርመራ ነው፤ አንገት ከደረቀ ደግሞ የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። በአንድ ጊዜ እንደ ጥይት የመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ፣ በእርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ የመጣ፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የተከተለ፣ እጅ እግርን ያደከመ ወይም አፍን ያጣመመ፣ እነዚህ ማይግሬን ለነበረበት ሰውም አዲስ ነገር ናቸው። ክብደት እየቀነሰ፣ ሌሊት እያላበ የሚያም ወገብ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ወገብ ላይ የእግር መዛል፣ ብልት አካባቢ መደንዘዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከተጨመረ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው።